«አረብኛ እናገራለሁ፣ ቁርኣን ግን አይገባኝም» ላልሽኝ እህቴ

ጥያቄው እንዲህ ይላል። «አሰላሙ ዐለይኩም ኡስታዝ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ጅዳ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አረብኛ ያለ ችግር እናገራለሁ። ቁርኣን ሲቀራ ግን የሚገባኝ አንድ ሁለት ቃል ነው። ሰላት ላይ የምለውን እንኳን በደንብ አላውቀውም። አጅሩሚያ የምትባለውን የአረብኛ ሰዋስው መጽሐፍ ግዢ ተብዬ ገዛሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍኩም። አእምሮዬ አርጅቶ ይሆን? ማታ ማታ አንድ ሰዓት አለኝ። ከየት ልጀምር? በስልክ ብቻዬን ብማርስ ይበቃል?»

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ፣ እህቴ።

አእምሮሽ አላረጀም። እዚሁ አዳማ ነሕውና ሰርፍ፣ የአረብኛን ሰዋስው፣ ሳስተምር 16 ዓመት ሆነኝ። አንቺ የቆምሽበት ገጽ ላይ ያልቆመ ተማሪ አላየሁም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ በእጅሽ ያለውን እንቁጠር። ሁለት ቋንቋ ይዘሽ ነው የመጣሽው፤ የጅዳውን አረብኛና አማርኛሽን። የጅዳው ያሰብሽውን ያህል አያግዝሽም። አማርኛሽ ግን ካሰብሽው በላይ ያግዝሻል።

ከጅዳው ልጀምር። አንቺ የለመድሽው የሰፈርና የቤት ንግግር ነው። አረቦች ራሳቸው «ዓሚያ» ይሉታል። ቁርኣን የወረደበት ግን «ፉስሓ» ነው። ጅዳ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉሽ «ኤሽ ተብጊ?» ይሉሻል። በፉስሓ «ማዛ ቱሪዲን?» ነው። አንድም ቃል አልገጠመም። «ሰያራ» የሚለውን ደግሞ መኪና ብለሽ ነው የምታውቂው። ሱረቱ ዩሱፍ ላይ «ወጃአት ሰያረቱን» የሚል አለ። ዩሱፍ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ነው። ያኔ ሰያራ ማለት ተጓዥ ቅፍለት ነው፤ የኛ የጥንት ሰዎች ሲራራ ነጋዴ እንደሚሉት ያለ። ቃሉ ያው ነው፤ የተሸከመው ነገር ተለውጧል።

ከዚህ የሚብሰው ልዩነት የቃል መጨረሻ ላይ ነው። ዓሚያ የቃሉን የመጨረሻ ድምፅ ቆርጦ ይጥለዋል። «አል-በይት ከቢር» ብለሽ ታልፊያለሽ፤ ቤቱ ትልቅ ነው። ፉስሓ ግን «አል-በይቱ ከቢሩን» ይላል። ያ «ኡ» እና ያ «ኡን» ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም። ማን አደረገው፣ ማን ላይ ተደረገ የሚለው በእነሱ ነው የሚታወቀው። ጆሮሽ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ እነሱ ለምዷል። ቁርኣን ሲቀራ ነገሩ የሚያመልጥሽ ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ባዶ እጅሽን አልተመለስሽም። ጆሮ ይዘሽ መጥተሻል። ሐ፣ ኸ እና ዐ ሲነገሩ ለይተሽ ትሰሚያለሽ። አዳማ ሆኖ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ይህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። አንቺ ማስተካከል ያለብሽ ቃፍ የምትባለዋን ፊደል ነው። ጅዳዎች ቃፍን ወደ ገ ይወስዱታል። «አለኝ» ለማለት «ጋል ሊ» ትያለሽ። ቁርኣን ውስጥ «ቃለ ሊ» ነው። የዚህ ስር ቃላት ብቻ ቁርኣን ውስጥ ከ1,700 ጊዜ በላይ ይመጣሉ። ያንን ገ ወደ ቃፍ መመለስ ስትለምጂ፣ የምታውቂያቸው ብዙ ቃላት ራሳቸው መጥተው ይከፈቱልሻል።

ግን ቃፍን በአማርኛው ቀ አትተኪው። የኛ ቀ ፈንድቶ ይወጣል። ቃፍ ከጉሮሮ ጫፍ፣ እንጥል ያለችበት አካባቢ፣ ሳይፈነዳ ነው የሚወጣው። ጧእን በኛ ጠ፣ ሷድንም በኛ ጸ መተካት ያው ስህተት ነው። ወደ ከ ካዘነበልሽ ደግሞ «ቀልብ» ያልሽው «ከልብ» ይሆንብሻል። የመጀመሪያው ልብ ነው፤ ሁለተኛው ውሻ። ይህን የሚያስተካክልልሽ አፍሽን እያየ የሚሰማሽ ሰው ነው።

አሁን ወደ አማርኛሽ እንምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ ያወቅሁት ነገር ስለሆነ።

ከሩኩዕ ቀና ስትዪ ምን ትያለሽ? «ሰሚዐላሁ ሊመን ሐሚደህ»። አሁን ቃሎቹን አንድ በአንድ እይያቸው። «ሰሚዐ» — ሰማ። «ሊ» — ለ። «መን» — ማን። አላህ እሱን ያመሰገነውን ሰው ሰማ ነው የምትዪው። ከዓረፍተ ነገሩ ግማሹ አማርኛሽ ውስጥ ነበር። «ቢስሚላህ»ም እንዲሁ ነው። «ቢ» በ ነው፤ «ኢስም» ስም ነው። በአላህ ስም። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትዪው አስቢው።

አረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ሁለቱም ቃል የሚያወጡት ከስር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት ተነባቢ። ሰገደ የሚለውን ውሰጂ። ሰገደ፣ ይሰግዳል፣ ስግደት፣ ሰጋጅ፣ መስገጃ። አረብኛው ሰጀደ፣ የስጁዱ፣ ሱጁድ፣ ሳጂድ፣ መስጂድ ይላል። የኛ ገ በአረብኛ ጀ ሆኖ ይመጣል። ግመል ጀመል ነው፤ ገነት ጀነት ነው። መስገጃንና መስጂድን ጎን ለጎን አድርገሽ ስታያቸው፣ ከፊት ያለችው «መ» ሳትቀር አንድ ናት።

አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽና በሥራሽ ላስረዳሽ። ስሩ ጨርቁ ነው። አረቦች «ወዝን» የሚሉት ደግሞ ቅዱ ነው። ከአንድ ጨርቅ ቀሚስም፣ ሸሚዝም፣ ጉርድም ይወጣል። ጨርቁን ካወቅሽው፣ ቅዱን ስታዪ ልብሱን ትለዪዋለሽ። ቁርኣን ውስጥ 77 ሺህ ገደማ ቃላት አሉ። ስሮቹ ግን 2,000 አይሞሉም። አንቺ የምትማሪው እነዚያን ስሮችና ጥቂት ቅዶችን ነው። የቃሉ ብዛት አያስፈራሽ።

ከስሮቹ ውስጥ ደግሞ ስንቱን እንደምታውቂው ተመልከቺ። ሞተ «ማተ» ነው። ቀበረ «ቀበረ» ነው። ጾመ «ሷመ» ነው። ወለደ «ወለደ» ነው። ነፍስ፣ ዐይን፣ ሰማይ፣ ሌሊት፣ ቤት፣ ሁሉም እዚያ አሉ። አመነ ደግሞ ሰፊ ቤተሰብ ነው። እኛ እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ እንላለን። እነሱ ኢማን፣ ሙእሚን፣ አማና፣ አሚን ይላሉ።

ትምህርት ቤት «ሞክሼ ፊደላት» ያሏቸው አሉ አይደል? ሀ፣ ሐ፣ ኀ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። አማርኛ ስንናገር ልዩነታቸው ጠፍቷል። አረብኛ ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው ዛሬም ለየብቻ ይኖራሉ። ፀሐይ ብለሽ ስትጽፊ ያቺ ፀ የአረብኛው ዷድ ዘመድ ናት፤ ሐ ደግሞ የሓእ። ፀሐይና ሱረቱ «ዱሓ» አንድ ስር ናቸው። ዱሓ ፀሐይ ከፍ ያለችበት ረፋድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ከአረብኛ ወደ አማርኛ ገብተው ትርጉማቸውን ያዞሩ ቃላት አሉ። «ቀለም» እኛ ዘንድ ቀለም ነው፤ እዚያ ብዕር ነው። «ዐለመ ቢልቀለም» ሲል በብዕር አስተማረ ማለቱ ነው። «ሰበብ» እኛ ዘንድ ማመካኛ ነው፤ እዚያ ግን ምክንያት ወይም መዳረሻ መንገድ ነው፤ የክፋት ጣዕም የለበትም። «ቀልቤን ሳበው» እንላለን፤ ትኩረቴን ለማለት። እዚያ ቀልብ ልብ ነው። ስለዚህ አማርኛሽ በሩን ይከፍትልሻል፤ ትርጉሙን ግን መዝገበ ቃላት አይተሽ አረጋግጪ።

ከዚህ ሳልወጣ አንድ የምወደውን ነገር ልንገርሽ። ሱረቱል ሐዲድ ላይ «ዩእቲኩም ኪፍለይኒ ሚን ረሕመቲሂ» የሚል አለ። ከእዝነቱ ሁለት ክፍል ይሰጣችኋል ማለት ነው። የነቢዩ ባልደረባ (ሰሓባ) የሆኑት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ «ኪፍለይን» የሐበሻ ቃል ነው ማለታቸው በተፍሲር፣ በቁርኣን ማብራሪያ፣ ተዘግቧል። እሳቸው ራሳቸው ሐበሻ ምድር ቆይተው የተመለሱ ናቸው። ኪፍል ስትዪው ክፍል አይመጣብሽም? መጨረሻ ላይ ያለችው «ኣይን» ሁለት መሆኑን ትነግርሻለች። ጅዳ «ሪያለይን» ስትዪ ሁለት ሪያል ማለትሽ ነበር፤ ያው ናት። በአያተ ኑር፣ በብርሃኗ አያ፣ ውስጥ ያለው «ሚሽካት»ም የሐበሻ ነው ያሉ ቀደምት ሙፈሲሮች አሉ። መስኮት የሚለውን አስታውሺ። ኢማም አሽ-ሻፊዒ ግን ቁርኣን ውስጥ ከአረብ ቋንቋ ውጪ የሆነ የለም ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። የቋንቋ ሊቁ አቡ ዑበይድ ሁለቱን አስታረቁ። ቃላቱ መነሻቸው ከውጭ ቢሆንም፣ አረቦች ተቀብለው የራሳቸው ካደረጓቸው በኋላ ቁርኣን ወረደ አሉ። እኔ በዚህ ልቤ ያርፋል።

እሺ፣ ከየት ትጀምሪ? ከፋቲሓ፣ ከቁርኣን መክፈቻ ሱራ። በቀን በፈርድ ሰላት ብቻ 17 ረከዓ ትሰግጃለሽ፤ 17 ጊዜ ትቀሪያታለሽ። እሷን ሳትረጂ ሌላ መጽሐፍ አትክፈቺ።

ደፍተር ግዢ። ሰባቱን አያዎች በእጅሽ ጻፊ፤ በአረብኛ ፊደል፣ ቀስ ብለሽ። ከዚያ አንድ አንድ ቃል እያነሳሽ ስሩን ከጎኑ አስቀምጪ። «ሐምድ» ምስጋና ነው። ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ ማሕሙድ፣ ሐሚድ፣ ከሰፈርሽ ልጆች ስም ግማሹ ከዚያ ስር ነው። «ዓለሚን» ዓለም ነው። «የውም» ቀን ነው፤ በግዕዝ ዮም ዛሬ ነው።

«የውሚ ዲን» ላይ ትንሽ ቆዪ። ዲን ሃይማኖት ነው ብለሽ ታውቂያለሽ። ታዲያ «የሃይማኖት ቀን» ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ዲን ፍርድና የሥራ ዋጋ ነው። ስሩ የኛን «ዳኛ» የሰጠን ስር ነው። በግዕዝ «ደየነ» ፈረደ ማለት ነው። የፍርድ ቀን ባለቤት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልኩ ቀን መግሪብ ሰላቴ ላይ ያቺ ቃል ስትደርስ ድምፄ ተለወጠ።

«ሙስተቂም» ደግሞ ከቆመ ነው። አረብኛው «ቃመ» ነው። ኢቃማ፣ ቂያማ፣ መቃም፣ ሁሉም የቆመ ልጆች ናቸው። ሙስተቂም ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ያልተጣመመ ነው። መሐል ላይ ያለችው «ስተ» አስተማረ፣ አስታረቀ ላይ ያለችው የኛ «አስተ» ዘመድ ናት። «ነስተዒን» ላይም አለች። አንዴ ስትለያት ቁርኣን ውስጥ ስታልፍ ሁሉ ታውቂያታለሽ። ኢስቲግፋር ላይ፣ ኢስቲኻራ ላይ።

ከፋቲሓ በኋላ የሰላት ዚክሮችሽን፣ ከዚያ ከሱረቱ ናስ ወደ ኋላ እያልሽ አጫጭሮቹን ሱራዎች ያዢ። ጁዝ ዐማ፣ የቁርኣን የመጨረሻው ክፍል፣ 37 ሱራ ነው። በቀን አምስት ቃል ይበቃል። አምስቱን ግን የሚቀጥለው ቀን ሳትደግሚ ሌላ አትጨምሪ።

ይህን እያደረግሽ ሰርፍ ትጀምሪያለሽ። ሰርፍ የቅዱ ትምህርት ነው፤ ቃል እንዴት እንደሚለዋወጥ። ብዙ ቦታ ነሕው፣ የዓረፍተ ነገሩ ሥርዓት፣ ይቀድማል። እኔ ለአማርኛ ተናጋሪ ሰርፍ ይቅደም እላለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹን ሳታውቂ ታውቂዋለሽ። ይህን እዪ፦ የክቱቡ፣ ተክቱቡ፣ አክቱቡ፣ ነክቱቡ። ይጽፋል፣ ትጽፋለች፣ እጽፋለሁ፣ እንጽፋለን። የ ከ«ይ»፣ ተ ከ«ት»፣ አ ከ«እ»፣ ነ ከ«እን»። አንዱ ለአንዱ ይገጥማል። እንዲያውም አረብኛ «ተክቱቡ» ሲል እሷ ትጽፋለች ወይም አንተ ትጽፋለህ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች በዚህ ይምታታሉ። እኛ ጋም ከፊት ያለችው ት ለሁለቱም አንድ ናት። ከተበ ራሱ እኛ ጋ አለ። ክታብ እንላለን፤ ሕፃን እናስከትባለን።

የብዙ ቁጥር አሠራር ይከብድሻል። ኪታብ ኩቱብ፣ በይት ቡዩት ይሆናል፤ ቃሉ ከውስጡ ይሰበራል። አማርኛ «ኦች» ጨምሮ ይገላገላል። ግን መጽሐፍን መጻሕፍት፣ መልአክን መላእክት ስንል የምናደርገው ይኸንኑ ነው፤ ከግዕዝ የወረስነው ነው። አረብኛው መለክ፣ መላኢካ ይላል። እነዚህን በሕግ ለመያዝ አትድከሚ። አንድን ቃል ስትማሪ ከነብዙ ቁጥሩ ጻፊው፤ በቃ።

አሁን ወደ አጅሩሚያ። ጸሐፊው ኢብን አጁሩም የሞሮኮ ፋስ ሰው ናቸው፤ በ723 ዓመተ ሒጅራ ነው ያረፉት። ትንሽ መጽሐፍ ናት። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር «አል-ከላሙ ሁወ ለፍዙል ሙረከቡል ሙፊዱ ቢልወድዕ» ትላለች። በአንድ መስመር አራት መስፈርት። ንግግር ማለት ድምፅ የሆነ፣ የተቀናበረ፣ ቁም ነገር የሚሰጥ፣ በቋንቋው ሥርዓት የተነገረ ነው። እንዲህ የታመቀችው እንድትሸመደድ ነው። ማብራሪያው ከመምህሩ አፍ ይመጣል ተብሎ ነው የተጻፈችው። አንቺ መትኑን፣ ዋናውን ጽሑፍ፣ ብቻሽን ይዘሽ ማብራሪያውን ከራሱ ከመትኑ ጠበቅሽ። የቆምሽው ለዚህ ነው።

እኔ መትኑን የሸመደድኩት በ12 ዓመቴ ነው። ያስተማሩኝ ሰው በቃል አስይዘው ሄዱ፤ ትርጉም አልነገሩኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ «መርፉዕ፣ መንሱብ» እያልኩ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከወንጂ በሚኒባስ ስመለስ ሹፌሩ ቁርኣን ከፍቷል። ሱረቱ ፋጢር ነው። «ኢንነማ የኽሸላሀ ሚን ዒባዲሂል ዑለማኡ» አለ ቃሪው። «አላሀ» በፈትሐ፣ ማለትም በ«አ» ድምፅ፤ «ዑለማኡ» በደማ፣ ማለትም በ«ኡ» ድምፅ። በቀጥታ በአማርኛ መጣልኝ። አላህ-ን! ከባሮቹ ውስጥ አላህን የሚፈሩት ዐዋቂዎቹ ናቸው። ያቺ «ሀ» የኛ «ን» ናት። ሁለቱን አናባቢ ብታቀያይሪያቸው፣ ልንናገረው የማይገባ ነገር ይሆናል። ሁለት ዓመት የሸመደድኩት ሁሉ በዚያች ደቂቃ ነፍስ ዘራ።

ስለዚህ እንደዚያች «አላሀ» ያለውን መንሱብ ሲሉሽ ብዙ ጊዜ «ን» ብለሽ አስቢ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ መንሱብ የሚሆኑ ሌሎችም አሉ። ለመነሻ ግን ይበቃል። «እናቷ ልጅቷን ጠራቻት» ብትዪም «ልጅቷን እናቷ ጠራቻት» ብትዪም የጠራችው እናት ናት፤ «ን» ይዛዋለች። አረብኛም ቃል እንደልቡ የሚያፈራርቀው መጨረሻው ላይ ስለሚተማመን ነው። «ኢያከ ነዕቡዱ» ላይ «አንተን» ከግሱ በፊት መጣ። መጀመሪያ በመምጣቱም «ብቻ» የሚል ትርጉም ጨመረ። አንተን ብቻ እናመልካለን። ነሕው ማለት ይኸው ነው። ቁርኣኑ ውስጥ ካላየሽው ደረቅ ነው።

አጅሩሚያን አትጣያት። ከስድስት ወር በኋላ መልሰሽ ክፈቻት፤ ያኔ ግን ከመምህር ጋር።

ስልኩን በተመለከተ፣ ለማዳመጥና ለመዝገበ ቃላት እሰየው ነው። ቃል በቃል የሚተረጉሙ አፖች አሉ፤ ተጠቀሚባቸው። አንድን ቃሪ መርጠሽ ስፌት ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ አዳምጪ። ብቻሽን ልትማሪበት ግን አይበቃም። ስልክ «ቀልብ ነው ያልሽው ወይስ ከልብ?» ብሎ አይመልስሽም። የኛ አገር ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ወሎ ዳና እና ገታ ድረስ ደረሳው (ተማሪው) በእግሩ የሚሄደው፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሸይኹ አፍ ለመቅራት ነው። አንቺ ያን ያህል መሄድ አይጠበቅብሽም። አዳማ ውስጥ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ነሕውና ተጅዊድ (የቁርኣን አነባበብ) የሚያስቀሩ አሉ። ለሴቶች ቅዳሜና እሁድ የሚያስቀሩ ኡስታዛዎችም አሉ። በአቅራቢያሽ ያለ መስጊድ የሚሰግዱትን እናቶች ጠይቂ፤ እነሱ ያውቃሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። የቀረውን ቀን ከአንዲት ጓደኛሽ ጋር ሙዘከራ አድርጊ፤ አንቺ ለእሷ አስረጃት፣ እሷም ለአንቺ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ባየሁት ልክ፣ አንድ ሰዓቷን ካላቋረጥሽ በሦስት ወር ሰላትሽ ውስጥ የምትዪው ሁሉ ይገባሻል። በዓመት ከግማሽ ገደማ ጁዝ ዐማን ያለ ትርጉም ታዳምጫለሽ። መዝገበ ቃላት ይዘሽ ረጅም ሱራ ለመከተል ሦስት ዓመት፣ ለአንዳንዱም አራት። እስከዚያው የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም አጠገብሽ ይሁን። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ እና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት ነው። መጀመሪያ አያውን ራስሽ ሞክሪ፣ ከዚያ የእነሱን እዪ። የተለያያችሁበት ቦታ ትምህርትሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበልሽ። ቃሉን ማወቅ ተፍሲርን አይተካም። ሰሓባው ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም አረብ ናቸው፤ አረብኛ የእናት ቋንቋቸው ነው። በረመዳን «ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር እስኪለይላችሁ ብሉ ጠጡ» የሚለውን ሰሙ። ነጭና ጥቁር ገመድ ትራሳቸው ሥር አስቀምጠው ሌሊቱን ያዩት ጀመር። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው፣ የሌሊቱ ጥቁረትና የቀኑ ንጣት ነው ብለው አስረዷቸው። ክር በአረብኛ «ኸይጥ» ነው። አንቺን ዛሬ ጅዳ ብትሆኚ «ኸያጣ» ይሉሽ ነበር፤ ልብስ ሰፊ። ቃሉን ከእነሱ እኩል ታውቂዋለሽ። የአያውን መልእክት ግን ዐዲይ እንኳን ጠይቀው ነው የተረዱት። ስለዚህ አረብኛሽ ሲጎለብት ፍርድ ለመስጠት አትቸኩዪ። የተፍሲር ሰዎችን ቃል ያለ አስተርጓሚ ለመስማት ተጠቀሚበት።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ልስጥሽ። ፋቲሓን ጽፈሽ ስትጨርሺ ሱረቱል ኢኽላስን ጻፊ፤ አራት አያ ናት። «አሐድ» ላይ አንድ የሚለውን፣ በግዕዝ አሐዱ የሚባለውን ታገኚዋለሽ። «ለም የሊድ ወለም ዩለድ» ላይ ወለደንና ተወለደን አንድ ላይ ታያቸዋለሽ፤ አልወለደም፣ አልተወለደም። ስሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው አናባቢው ነው። ከዚያ የመጨረሻዋ አያ ላይ ትደርሻለሽ፤ «ወለም የኩን ለሁ ኩፉወን አሐድ»። እዚያ ላይ ሳታቆሚ ብታነቢው «አሐዱን» ይሆናል። ኩፉወን በ«አን» አለቀ፣ አሐዱን በ«ኡን»። ለምን ተለያዩ? የትኛውስ መቅደም ነበረበት? ጥያቄውን በቀይ ጻፊውና መጀመሪያ ቀን ለኡስታዛሽ ይዘሽላት ሂጂ።